ብርሃን ፍለጋ፦ የቀደምት የቴሌቪዥን ካሜራዎች አነሳስና እድገት

የቴሌቪዥን ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ ትኩረት የሚያገኘው በአብዛኛው በየቤቱ የሚቀመጠው መቀበያ ነው። ይሁንና ከመቀበያው ይልቅ የተመራማሪዎችን አእምሮ ለረጅም ዓመታት የፈተነው፣ ምስሉን ከስፍራው አንስቶ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ካሜራ እንደነበር የዘርፉ ታሪክ ያስረዳል። በአሁኑ ወቅት በእጅ ስልክ ላይ የምትገጠም የምስር ፍሬ የምታክል ካሜራ በሻማ ብርሃን የሰውን ፊት ለይታ ታሳያለች። የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን ካሜራዎች ግን በፊታቸው የተቀመጠውን ሰው በላብ የሚያጠምቅ መብራት እየበራላቸው እንኳ የሚያሳዩት ጥላ መሰል ምስል ነበር።

ለዚህ ምክንያት የሆነው ነገር ከቴሌቪዥን ባሕርይ የመነጨ ነው። የፎቶግራፍ ፊልም የአንድን ትዕይንት ብርሃን በጠቅላላ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ቴሌቪዥን ግን ሙሉውን ምስል በአንድ ሽቦ ወይም በአንድ የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ጊዜ መላክ አይችልም። በመሆኑም ምስሉ በመስመሮች ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ መስመርም በነጥቦች ተሸንሽኖ አንዱ ነጥብ ከሌላው ቀጥሎ ይላካል። መቀበያው ነጥቦቹን በዚያው ቅደም ተከተል መልሶ ይደረድራል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ መከናወን ይኖርበታል፤ ካልሆነ ዓይን የሚያየው ተከታታይ ምስል ሳይሆን ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር፣ ብርሃኑም እጅግ ጥቂት ነው። የቀደምት ካሜራዎች እድገት ከዚህ የብርሃን እጥረት ጋር የተደረገ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያስችለው የመጀመሪያ ፍንጭ የተገኘው በቴሌግራፍ ሥራ ላይ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሎቢ ስሚዝ ከባሕር በታች የሚዘረጉ የቴሌግራፍ ገመዶችን ለመፈተሽ ሴሊኒየም ከተሰኘው ንጥረ ነገር የተሠሩ ዘንጎችን ይጠቀም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1873 ይፋ እንዳደረገው፣ ሴሊኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን የማሳለፍ አቅሙ ይጨምራል፣ በጨለማ ደግሞ ይቀንሳል። ይህ ዜና በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ በርካታ የፈጠራ ሰዎች ምስልን በሽቦ ስለመላክ እንዲያልሙ አድርጓቸዋል። ችግሩ ሴሊኒየም ቀርፋፋ መሆኑ ነው፤ ብርሃኑ ከተለወጠ በኋላ የንጥረ ነገሩ ምላሽ ዘግይቶ ስለሚመጣ ለፈጣን ምስል ምቹ አልነበረም።

ምስሉን በመስመሮች የመክፈሉን ዘዴ ያቀረበው በወቅቱ የ23 ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው ተማሪ ፓውል ኒፕኮ ነው። ኒፕኮ እ.ኤ.አ. በ1884 በርሊን ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የጠየቀበት መሣሪያ ክብ ዝርግ ዲስክ ሲሆን፣ በዲስኩ ላይ ከዳር ወደ መሐል እየተጠጉ የሚሄዱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በጥምዝ መስመር ተበስተዋል። ዲስኩ ሲሽከረከር የመጀመሪያው ቀዳዳ የምስሉን አንድ ጠርዝ ጠርጎ ያልፋል፤ ሁለተኛው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን መስመር ይጠርጋል፤ እንዲህ እያለ ዲስኩ አንድ ዙር ሲጨርስ ሙሉው ምስል ይቃኛል። ኒፕኮ መሣሪያውን አልሠራውም። የባለቤትነት መብቱም የሚገዛው ጠፍቶ ጊዜው አልፎበት ወደቀ። እሱ ራሱ ወደ ምድር ባቡር ምልክቶች ሥራ ገብቶ ኑሮውን እንደመራ ይታወቃል።

የኒፕኮን ሐሳብ ወደ ተጨባጭ ውጤት ካደረሱት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው ስኮትላንዳዊው ጆን ሎጊ ቤርድ ናቸው። በጤናቸው ደካማ፣ በኪሳቸውም ባዶ የነበሩት ቤርድ የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎቻቸውን የገጣጠሙት እዚህም እዚያም ካገኟቸው ቁርጥራጭ ዕቃዎች ነበር። በጥቅምት ወር 1925 ለንደን፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት የላይኛው ክፍል ውስጥ ስቱኪ ቢል የሚል ስም የተሰጠውን የአሻንጉሊት ጭንቅላት ምስል ጥላና ብርሃኑ ተለይቶ እንዲታይ አድርገው ለማስተላለፍ በቁ። ለመጀመሪያው ሙከራ አሻንጉሊት የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። መብራቱ ከመበርታቱ የተነሳ ሰው ሊቋቋመው የሚችል አልነበረም።

ቤርድ በደስታ ከደረጃው ወርደው በታችኛው ፎቅ በሚገኝ ቢሮ ውስጥ ተላላኪ የነበረውን ዊሊያም ቴይንተን የተባለ ወጣት ይዘው መጡ። ወጣቱ ከካሜራው ፊት እንደተቀመጠ የመብራቱ ሙቀት ስለበረታበት ወደ ኋላ በመሸሹ ቤርድ በመቀበያው ላይ ምንም ሳያዩ ቀሩ። ጥቂት ገንዘብ በእጁ ካስጨበጡት በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ። በቴሌቪዥን ለመታየት የመጀመሪያው ሰው በዚህ ሁኔታ ተገኘ። ቤርድ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1926 የሮያል ኢንስቲትዩሽን አባላት በተገኙበት ውጤታቸውን በይፋ አሳዩ።

የቤርድ ምስል በ30 መስመሮች የተሠራ ነበር። አንባቢ የብርሃኑን ብክነት እንዲረዳው አንድ ቀላል ስሌት ማቅረብ ይቻላል። በ30 መስመሮች የተከፈለ፣ እያንዳንዱ መስመር 70 ነጥቦች ያሉት ምስል በድምሩ 2 ሺህ 100 ነጥቦች ይኖሩታል። ዲስኩ በሚሽከረከርበት በማናቸውም ቅጽበት ብርሃን የሚያልፈው በአንድ ቀዳዳ፣ ማለትም ከአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከቀሩት 2 ሺህ 99 ነጥቦች የሚመጣው ብርሃን በሙሉ በዲስኩ ላይ አርፎ ይቀራል። ምስሉ ጥራት እንዲኖረው የመስመሮቹን ቁጥር ማሳደግ ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ ሲበዙ ግን ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ የሚያልፈው ብርሃንም ከቀድሞው ያንሳል። ዲስኩን በማፍጠንና በማስፋት ይህን ችግር ማለፍ አይቻልም ነበር።

ቤርድና ሌሎች መሐንዲሶች የዘየዱት መላ ነገሩን መገልበጥ ነበር። በዚህ ዘዴ ስቱዲዮው ይጨልማል፤ በዲስኩ ቀዳዳዎች በኩል የሚወጣ ቀጭን የብርሃን ጨረር በተዋናዩ ፊት ላይ መስመር በመስመር ይሮጣል፤ ከፊቱ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ደግሞ በዙሪያው የተደረደሩ ብርሃን ጠቋሚ መሣሪያዎች ይቀበላሉ። ሙቀቱ ቀነሰ፣ ሆኖም ሰዎቹ በጨለማ ውስጥ፣ ዓይናቸው ላይ በሚርገበገብ ጨረር ፊት እንዲሠሩ ተገደዱ። የፊታቸው ቅርጽ ተለይቶ እንዲታይም ቅንድባቸውና ከንፈራቸው በጥቁርና በሰማያዊ ቀለም ይኳል ነበር። የእንግሊዝ የብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ቢቢሲ በዚህ ዓይነት ባለ 30 መስመር መሣሪያ እስከ 1935 ድረስ ፕሮግራም አስተላልፏል። ከቤት ውጭ ያለን ትዕይንት በዚህ መንገድ ማንሳት ግን የማይታሰብ ነበር፤ አደባባይን አጨልሞ በጨረር መጥረግ አይቻልምና።

መፍትሔው ከሚሽከረከር ብረት ሳይሆን ከኤሌክትሮን ጨረር እንደሚመጣ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ግን ነበር። አለን አርኪባልድ ካምቤል ስዊንተን የተባሉት የስኮትላንድ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1908 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ደብዳቤ፣ በመላኪያውም በመቀበያውም በኩል የካቶድ ጨረር ቱቦ መጠቀም እንደሚገባ ገለጹ። ከሦስት ዓመት በኋላም ብርሃን የሚቀበለው ገጽ እርስ በርሳቸው ከማይነካኩ ጥቃቅን ብረቶች የተገጣጠመ ሊሆን እንደሚገባ ዘርዝረው አስረዱ። ሐሳባቸው ሐሳብ ብቻ እንደነበር ራሳቸው አልሸሸጉም። ጨረሩ ክብደት የሌለው ያህል ቀላል በመሆኑ በማግኔት ኃይል ወደተፈለገው አቅጣጫ በቅጽበት ማጠፍ ይቻላል፤ ከብረት ዲስክ የሚበልጠውም በዚህ ነው።

በዚያው ወቅት በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ቦሪስ ሮዚንግ ጉዳዩን በግማሽ መንገድ አድርሰውት ነበር። ሮዚንግ ለመላኪያ የሚሽከረከሩ መስታወቶችን፣ ለመቀበያ ደግሞ የካቶድ ጨረር ቱቦ በመጠቀም በ1911 የጥቂት ብሩህ መስመሮችን ምስል አሳይተዋል። እኚህ ምሁር በስታሊን ዘመን ወደ ሰሜናዊቷ አርካንጌልስክ ተግዘው በ1933 እዚያው ሕይወታቸው አልፏል። ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ይረዳቸው የነበረ አንድ ተማሪ ግን የመምህሩን ሥራ ይዞ አትላንቲክን ተሻግሯል። ቭላዲሚር ዝቮሪኪን ይባላል።

ዝቮሪኪን ከሩሲያ አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰዶ ዌስቲንግሃውስ በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። በታኅሣሥ ወር 1923 ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮን ጨረር ለሚሠራ የቴሌቪዥን ሥርዓት የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገባ። ከዚያ በኋላ ለአለቆቹ ያሳየው ሙከራ ደብዛዛ የመስቀል ምስል ከማሳየት ያላለፈ በመሆኑ፣ ጠቃሚ በሆነ ሌላ ሥራ ላይ እንዲሰማራ መታዘዙ ይነገራል። የጠየቀው መብት የተሰጠው ከ15 ዓመታት ክርክር በኋላ በ1938 ነው።

የክርክሩ ሌላኛው ወገን የገበሬ ልጅ ነበር። ፋይሎ ፋርንስወርዝ በ1906 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ተወልዶ በአይዳሆ በሚገኝ እርሻ አደገ። በ14 ዓመት ዕድሜው በማሳ ላይ ትልም ተከትሎ ትልም እየወጣ ሲመለከት፣ ምስልም እንደዚሁ መስመር በመስመር በኤሌክትሮን ሊታረስ ይችላል የሚለው ሐሳብ እንደመጣለት ይተረካል። በ1922 ሐሳቡን በክፍል ውስጥ በሥዕል አድርጎ ጀስቲን ቶልማን ለተባሉት የኬሚስትሪ መምህሩ አስረዳ። በዚያን ዕለት መምህሩ ትምህርቱን በጥሞና ባይከታተሉ ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል እንደነበር ከዚህ በታች ይታያል።

ፋርንስወርዝ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎችን አፈላልጎ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ግሪን ስትሪት በተባለ መንገድ አነስተኛ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በጥር ወር 1927 የባለቤትነት መብት ጠየቀ። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 1927 ደግሞ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚገኘው ካሜራ በሌላ ክፍል ወደሚገኘው መቀበያ የአንድ ቀጥ ያለ መስመር ምስል ላከ። በመስታወት ላይ የተሣለው መስመር ሲዞር በመቀበያው ላይ ያለውም አብሮ ዞረ። በካሜራው ውስጥ የሚሽከረከር ምንም አካል አልነበረም። ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሠራ የቴሌቪዥን ካሜራ የመጀመሪያ ውጤት ሆኖ በበርካታ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቀሰው ይህ ሙከራ ነው።

ፋርንስወርዝ ካሜራውን ኢሜጅ ዲሴክተር፣ ማለትም ምስል ከፋፋይ ብሎታል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በሌንስ በኩል የገባው ብርሃን አየር በተወገደለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባለ፣ ብርሃን ሲነካው ኤሌክትሮን በሚለቅ ገጽ ላይ ያርፋል። ብርሃን በበረታበት ስፍራ ብዙ፣ በደከመበት ስፍራ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ፤ በመሆኑም ከገጹ የሚነሳው የኤሌክትሮን ጎርፍ የምስሉን ቅርጽ ይዞ ይጓዛል። በቱቦው ዙሪያ የተጠመጠሙ የማግኔት ጥቅልሎች ይህን የኤሌክትሮን ምስል ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ፊት ያሳልፉታል። በቀዳዳዋ የገቡት ኤሌክትሮኖች የቴሌቪዥኑ ምልክት ይሆናሉ።

ንድፉ ውብ ነበር፤ ምስሉም ስልና ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን የኒፕኮ በሽታ አልለቀቀውም። ቀዳዳዋ አንድ ነጥብ በምታነብበት ጊዜ ከሌሎቹ ነጥቦች የወጡት ኤሌክትሮኖች ሁሉ ባክነው ይቀራሉ። በ1929 ባለቤቱ በካሜራው ፊት በተቀመጡበት ጊዜ የተላለፈው ምስላቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ያሳያል፤ ለዚህም መንስኤው የመብራቱ ኃይል ሳይሆን እንደማይቀር ይገመታል። ፋርንስወርዝ ድክመቱን ለማካካስ ጥቂት ኤሌክትሮኖችን የሚያራባ መሣሪያ ቢሠራም፣ የባከነውን መልሶ ማምጣት አልተቻለም።

ይህን ችግር በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ከቆርቆሮ ጣራ ጠርዝ በመቶ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል እንበል። አንድ ሰው አንዲት ጣሳ ይዞ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው እየሮጠ ከእያንዳንዱ ሥር ለቅጽበት ቢቆም የሚያገኘው ውሃ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። የኒፕኮ ዲስክና የፋርንስወርዝ ካሜራ አሠራር ይህን ይመስላል። በእያንዳንዱ ጠብታ ሥር አንድ ጣሳ አስቀምጦ፣ ሰውየው በየተራ እየዞረ የሞላውን ቢገለብጥ ግን አንድም ጠብታ አይባክንም። ተመራማሪዎቹ ሲፈልጉት የነበረው ይህን የማጠራቀም ዘዴ ነው። ካሜራው አንድን ነጥብ ለማንበብ እስኪመለስ ድረስ ባለው ጊዜ፣ ነጥቡ የሚያገኘውን ብርሃን በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ማከማቸት ይኖርበታል።

የማጠራቀምን ጥቅም ቀድመው ከተረዱት አንዱ የሃንጋሪው የፊዚክስ ባለሙያ ካልማን ቲሃኒ ናቸው። ቲሃኒ በ1926 በአገራቸው ራዲዮስኮፕ ሲሉ ለሰየሙት ሥርዓት የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ያስገቡ ሲሆን፣ በኋላም የአሜሪካው ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ አርሲኤ መብታቸውን ገዝቷል። ማመልከቻው በ2001 በዩኔስኮ የዓለም የጽሑፍ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በሕዝብ ዘንድ ግን ስማቸው የቤርድን ወይም የፋርንስወርዝን ያህል አይታወቅም።

አርሲኤን ይመሩ የነበሩት ዴቪድ ሳርኖፍ እንደ ዝቮሪኪን ሁሉ ከሩሲያ ግዛት የፈለሱ ነበሩ። ሁለቱ በ1929 ሲገናኙ ሳርኖፍ ሥራውን ለማጠናቀቅ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ጠየቁ፤ ዝቮሪኪንም 100 ሺህ ዶላር ገደማ እንደሚበቃ መለሰ። ሳርኖፍ ከጊዜ በኋላ ይህን ታሪክ ሲያወጉ ኩባንያው ትርፍ ከማየቱ በፊት 50 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጣ ይናገሩ ነበር። ዝቮሪኪን በሚያዝያ 1930 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተጉዞ የፋርንስወርዝን ቤተ ሙከራ ጎበኘ። ፋርንስወርዝ ገንዘብ የሚያስገኝለት ትብብር ጠብቆ ምንም ሳይደብቅ ሁሉንም አሳየው። በተከታዩ ዓመት ሳርኖፍ ሥራውን በ100 ሺህ ዶላር ለመግዛት ያቀረቡትን ጥያቄ ግን ወጣቱ አልተቀበለም።

የዝቮሪኪን ቡድን ብርሃን የሚያጠራቅመውን ቱቦ በ1931 ሠራ። ሥራው የተሳካው በከፊል በአጋጣሚ ነበር። ካሜራው የሚያስፈልገው ገጽ እርስ በርስ በማይነካኩ እጅግ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች የተሸፈነ ማይካ ሲሆን፣ እነዚህን ቅንጣቶች በእጅ መደርደር ፈጽሞ አይቻልም። የቡድኑ አባል የነበረው ሳንፎርድ ኤሲግ ብር የተቀባ የማይካ ዝርግ በምድጃ ውስጥ ከሚገባው ጊዜ በላይ ረስቶ ቆየ። አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው ብሩ ተሰባብሮ ቁጥር ስፍር ወደሌላቸው የተለያዩ ቅንጣቶች ተለውጧል። እያንዳንዱ ቅንጣት ሲዚየም በተባለ ንጥረ ነገር ታክሞ ብርሃን እንዲሰማው ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በምሳሌው የተጠቀሱት ጣሳዎች ተገኙ ማለት ነው። ጣሳዎቹን እየዞረ የሚገለብጠው ደግሞ የኤሌክትሮን ጨረሩ ነው።

ዝቮሪኪን ቱቦውን አይኮኖስኮፕ ብሎ በመሰየም በ1933 ለሬዲዮ መሐንዲሶች በይፋ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ በስታዲየምና በጎዳና፣ በቀን ብርሃን ማንሳት ተቻለ። አይኮኖስኮፕ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ጨረሩ ገጹን ሲመታ የሚረጩት ተጨማሪ ኤሌክትሮኖች ተመልሰው በመውደቅ በምስሉ ላይ ደመና መሰል ጥላ ያሳርፋሉ፤ ባለሙያዎችም ይህን ለማስተካከል ቁልፍ ሲያዞሩ ይውሉ ነበር። ከተጠራቀመው ብርሃን በተግባር የሚገኘውም በስሌት ከሚጠበቀው ጥቂቱ እጅ ነው። እንደዚያም ሆኖ ካለማጠራቀም እጅግ ይሻላል።

በባለቤትነት መብቱ ላይ የተነሳው ሙግት በዚህ መሐል ቀጥሏል። አርሲኤ የዝቮሪኪን የ1923 ማመልከቻ ከሁሉም እንደሚቀድም ተከራከረ። የመብት ቢሮው ፊት ለምስክርነት ከቀረቡት አንዱ መምህር ቶልማን ሲሆኑ፣ ተማሪያቸው ከዓመታት በፊት የሣለውን ንድፍ ከትዝታቸው ሥለው አሳዩ። አርሲኤ በበኩሉ በ1923 የተገለጸው መሣሪያ በወቅቱ ተሠርቶ ምስል ማስተላለፉን ማረጋገጥ አልቻለም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ውሳኔው ለፋርንስወርዝ ሆነ። አርሲኤ በ1939 1 ሚሊዮን ዶላርና በየጊዜው የሚታሰብ የመጠቀሚያ ክፍያ ለመክፈል ተስማማ። የሌሎችን የፈጠራ መብት ገዝቶ መጠቅለል የለመደው ኩባንያ ለሌላ ሰው የመጠቀሚያ ክፍያ ሲከፍል ያልተለመደ ነገር ነበር። ፋርንስወርዝ በሕግ ቢረታም ገበያው የተከተለው የተቀናቃኙን የማጠራቀም ዘዴ መሆኑ ግን አልቀረም። ከሙግቱ ይልቅ የካሜራዎቹን ዕጣ የወሰነው ብርሃኑ ነው።

የተለያዩት ዘዴዎች ጎን ለጎን የተፈተኑበት አንዱ መድረክ የ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ ነበር። ጀርመኖች ባለ 180 መስመር ምስል ለማንሳት በአይኮኖስኮፕ የሚሠራ ካሜራ፣ በፋርንስወርዝ ንድፍ የተሠራ ካሜራ እና ፊልም አንስቶ ወዲያው የሚያጥብ ተሽከርካሪ አሰልፈው ነበር። ከሦስቱ ዓይን የሳበው የቴሌፉንከን ኩባንያ ያዘጋጀው ባለ አይኮኖስኮፕ ካሜራ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ የሌንሱ ክብደት ብቻ 45 ኪሎ ግራም ነበር። ተመልካቾች መድፍ ብለው ቢጠሩት አያስገርምም። የሌንሱ ግዝፈት በራሱ የብርሃን እጥረት ምስክር ነው። ከካሜራው ኋላ ቆሞ ያነሳ የነበረው ወጣት መሐንዲስ ዋልተር ብሩኽ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓል የተባለውን የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት የፈለሰፈው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ወደ ቀለም ሲለውጥ የተከተለውም ይህንኑ ሥርዓት ነው። በዚያ ወቅት የበርሊኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ በኒፕኮ ስም ተሰይሞ ነበር። አዛውንቱ ኒፕኮ በ1940 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በወጣትነታቸው ያሰቡት ነገር ሲሠራ ለማየት በቅተዋል፤ ዲስካቸው ግን ያኔ ዘመን አልፎበታል።

በዚያው ዓመት በለንደን የተደረገው ፍልሚያ ይበልጥ ግልጽ ነበር። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1936 ከአሌክሳንድራ ቤተ መንግሥት መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር የቤርድ ባለ 240 መስመርና የማርኮኒ ኢኤምአይ ባለ 405 መስመር ሥርዓቶች እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ተወስኖ ነበር። የኢኤምአይ ተመራማሪዎች ጄምስ ማክጊና ዊሊያም ቴድሃም፣ በአይዛክ ሾንበርግ አመራር ኤሚትሮን የተባለ ከአይኮኖስኮፕ ጋር የሚመሳሰል ካሜራ ሠርተዋል። ኩባንያው ከአርሲኤ ጋር የመብት ትስስር የነበረው ሲሆን፣ ከውጤቱ የትኛው የማን ነው የሚለው አሁንም ታሪክ ጸሐፊዎችን ያነጋግራል።

የቤርድ ወገን በስቱዲዮ የሚጠቀምበት ዋነኛ ዘዴ ትዕይንቱን በመጀመሪያ በፊልም ማንሳት ነበር። ፊልሙ ከካሜራው ወጥቶ መርዛማው ሳያናይድ ባለበት ኬሚካል ውስጥ እያለፈ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይታጠብና ገና እርጥብ እንዳለ ይቃኛል። ካሜራው ከማጠቢያው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከስፍራው ንቅንቅ አይልም። በአንጻሩ ኤሚትሮን በጎማ ላይ እየተገፋ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ቤርድ የፋርንስወርዝን ካሜራ ጭምር ሞክረው ነበር፤ ይሁንና ኅዳር 30 ቀን 1936 በክሪስታል ቤተ መንግሥት የተነሳው ከባድ ቃጠሎ አብዛኛውን ቤተ ሙከራቸውን አወደመው። ከየካቲት 1937 ጀምሮ ቢቢሲ በኢኤምአይ ሥርዓት ብቻ መሥራት ቀጠለ። ቴሌቪዥንን ለሕዝብ ያስተዋወቁት ሰው ከጨዋታው ወጡ።

ግንቦት 12 ቀን 1937 የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የዘውድ በዓል በተከበረበት ዕለት ሦስት የኤሚትሮን ካሜራዎች በሃይድ ፓርክ ማዕዘን ተተክለው የንጉሡን ሠረገላ ጉዞ አሳዩ። ቀኑ ዝናባማና ደመናማ በመሆኑ መሐንዲሶቹ ብርሃኑ እንዳያንስ ሠግተው እንደነበር ይነገራል። ሱፐር ኤሚትሮን የተባለው፣ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ብርሃን የሚሰማው ካሜራ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሥራ ላይ ዋለ።

በስቱዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ግን ፋታ አላገኙም። በአሜሪካ በአይኮኖስኮፕ ዘመን የነበሩ ተዋንያን በመብራቱ ሙቀት ኩላቸው በፊታቸው ላይ ይቀልጥ ነበር። ቱቦው ቀይ ቀለምን አፍዝዞ ስለሚያሳይ የሴቶቹ ከንፈር በጠቆረ ቡናማ ቀለም ይቀባ ነበር፤ በስቱዲዮው የተገኘ እንግዳ ሲያያቸው ሊደነግጥ ይችላል።

ከዚህ ጭንቅ የገላገላቸው የጦርነት ሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር በሚመሩ ቦምቦች ላይ የሚገጠም ካሜራ በመፈለጉ፣ የአርሲኤ ተመራማሪዎቹ አልበርት ሮዝ፣ ፖል ዋይመርና ሃሮልድ ሎው ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለውን ቱቦ አዳበሩ። ይህ ቱቦ የፋርንስወርዝን የኤሌክትሮን ምስልና የዝቮሪኪንን የማጠራቀም ዘዴ በአንድነት የያዘ ነው ማለት ይቻላል። ብርሃኑ መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሮን ምስል ይለወጣል፤ ይህ ምስል በስስ መስታወት ላይ ይጠራቀማል፤ በዝግታ የሚቀርብ ጨረር ያነበዋል፤ የተገኘው ምልክትም እዚያው ቱቦ ውስጥ ይባዛል። ብርሃን የመቀበል አቅሙ ከአይኮኖስኮፕ ከ100 እጥፍ በላይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ለጣቢያዎች ሲቀርብ የስቱዲዮ መብራቶች ቀዘቀዙ፤ የምሽት ስፖርትና የቲያትር ቤት መድረክ በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ባለሙያዎቹ ቱቦውን በቁልምጫ ኢሚ ይሉት የነበረ ሲሆን፣ ከ1949 ጀምሮ የሚሰጠው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚ የሚለው ስያሜ የተወሰደው ከዚህ ነው።

በ1950 አርሲኤ ቪዲኮን የተባለውን አነስተኛና ርካሽ ቱቦ ጨመረበት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረበት ወቅት በዓለም ስቱዲዮዎች በስፋት ይሠራባቸው የነበሩት እነዚሁ ሁለት ዓይነቶች ናቸው።

ፋርንስወርዝ ያቋቋመው ኩባንያ በ1949 አይቲቲ ለተባለው ድርጅት ተሸጠ። የእሱ ዲሴክተር ከስቱዲዮ ቢወጣም ከነጭራሹ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1969 ወደ ሕዋ የመጠቀችው የአሜሪካ የአየር ጠባይ መከታተያ ሳተላይት ኒምበስ 3 የምድርን ደመና ያነሳችበት አንዱ ካሜራ በዲሴክተር የሚሠራ ነበር። በፀሐይ የደመቀ ደመና ከላይ ሲታይ ብርሃኑ የተትረፈረፈ በመሆኑ፣ ማጠራቀም የማያውቀው ቱቦ እዚያ ምንም አልጎደለበትም። ፋርንስወርዝ ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ኖሮ በመጋቢት 1971 አረፈ።